‹ለካ ትወዳለህ!› በኮሪያኛ፦ በሰው ምርጫ ስንገረም ምን እንበል?

ጓደኛችሁ ቡና ያለ ስኳር ሲጠጣ አያችሁ እንበል። ‹እንዴ! ለካ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው!› ትሉታላችሁ። አሁን ‹ለካ›ን ከውስጡ አውጧት። ነገሩ ያው ነው፤ መገረሙ ግን ጠፋ። ያቺ ሁለት ፊደል ናት ሥራውን ሁሉ የምትሠራው።

ኮሪያኛም የራሱ ‹ለካ› አለው። ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። እኛ ከፊት እናመጣታለን፣ እነሱ ግሡ ጅራት ላይ ይቀጥሏታል። የኮሪያ ድራማ ስታዩ አነጋገር ሁሉ ‹ኔዮ›፣ ‹ጉና›፣ ‹ጉንዮ› እያለ ሲያልቅ ሰምታችኋል? የሰማችሁት እሷን ነው።

ሰው በሚወደው ወይም በማይወደው ነገር መገረም ቀላል ይመስላል። ግን አንድ አደጋ አለው። ‹አንተም ይሄን ትወዳለህ?› ሲባል የሚቀየም ሰው እኛም ጋ አለ፤ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ተነጋጋሪው በዕድሜ ወይም በሥራ ከፍ ካለ ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ ሰዋስዉን ብቻ ሳይሆን መጠንቀቂያውንም እያየን እንሄዳለን።

ከሁሉ በፊት፦ አነባበብ

ኮሪያኛውን በእኛ ፊደል ነው የጻፍኩት። የእነሱ ፊደል ሃንግል ይባላል። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ያወጁት ሲሆን ዛሬ መሠረታዊዎቹ ፊደላት 24 ብቻ ናቸው። አንድ ቅዳሜና እሑድ ብትሰጡት ፊደል መቁጠር ትጀምራላችሁ። እስከዚያው ይሄን እንደ ምርኩዝ ያዙት።

ደግነቱ ፊደላችን ለኮሪያኛ ይመቻል። ‹ከ› እና ‹ኮ› በእኛ ይለያያሉ፣ በእነሱም ይለያያሉ። ቡና ‹ከፒ› ነው። ‹ኮፒ› ካላችሁ ግን ነስር ማለት ነው፤ ‹ኮፒ ትወዳለህ?› ብላችሁ ሰው እንዳታስደነግጡ። ሳድሷም ታገለግለናለች፦ ‹ንን› የሚል ስታዩ የመጀመሪያዋን ‹ን› ‹ንብ› እንደምትሉት አንብቧት። ‹ጨ› ወይም ‹ቀ› የጻፍኩበት ቦታ ላይ ፍንዳታውን ቀንሱት፤ ጉሮሮን ጠበቅ ማድረግ ይበቃል።

አንደኛ፦ የመጀመሪያዋ ድምፅ

ዓረፍተ ነገር ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ነገር ከአፋችሁ መውጣት አለበት። ‹ጂንጫዮ?› ማለት ‹የምርህን ነው?› ነው። ‹ጀንግማልዮ?› ደግሞ ‹እውነት?› ነው፤ ‹ል›ዋን አጥብቋት። መጨረሻ ላይ ያለችው ‹ዮ› አክብሮት ናት። ለእኩያ ጓደኛ ትወድቃለች፦ ‹ጂንጫ?› ብቻ ይበቃል።

‹ኸል› እና ‹ዴባክ› የወጣት ቃል ናቸው። ‹ኸል› ወደ ‹ኧረ ተው!› ትጠጋለች፣ ‹ዴባክ› ወደ ‹በቃ ገራሚ ነው!›። ለጓደኛ እንጂ ለአለቃ አይሆኑም። ‹ኧመ!› ደግሞ ‹ውይ!› ናት ማለት ይቻላል፤ በብዛት ከሴቶች ነው የምትሰማው።

ብዙ ጀማሪ ‹ቃምጫጊያ!›ን ከድራማ ቀድቶ እዚህ ያስገባታል። እሷ የድንጋጤ ቃል ናት። ከኋላችሁ ሰው ድንገት ሲነካችሁ ‹በስመአብ!› እንደምትሉት ማለት ነው። ሰው አናናስ ያለበት ፒዛ ስለወደደ ‹ቃምጫጊያ› አይባልም።

ሁለተኛ፦ በዓይን ያያችሁትን በ‹ኔዮ›

ግሡን ያዙ። ‹መውደድ› ‹ጆአሃዳ› ነው። ‹ዳ›ን ቁረጡና ‹ጆአሃ› ይቀራል። ለሚከበር ሰው ‹ሺ› ጨምሩ፤ የእኛን ‹እርስዎ› ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። ከዚያ ‹ኔዮ›ን ቀጥሉ።

‹ጆአሃ› + ‹ሺ› + ‹ኔዮ› = ‹ጆአሃሺኔዮ!›

ለካ ይወዳሉ! አበቃ። የሚወደደው ነገር ከፊት ይመጣል፤ ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ስለሆነ እዚህ ጭንቅላታችሁን አታዞሩም። ‹ሜኡን ገ ጆአሃሺኔዮ!› ማለት ‹ለካ የሚያቃጥል ነገር ይወዳሉ!› ነው። ‹ሜኡን ገ› የሚያቃጥል ነገር ናት።

‹ኔዮ› የምትመቸው አሁን፣ እዚሁ፣ በራሳችሁ ስሜት ለያዛችሁት ነገር ነው። አለቃችሁ ቀይ ወጥ የመሰለ ሾርባ ላብ በላብ ሆነው ሲጨርሱ አያችሁ። ‹ኳጃንግኒም፣ ጃል ድሺኔዮ!› ትላላችሁ፤ ‹እንዴ፣ ጎበዝ ኖት እኮ፣ ደህና አድርገው ይበላሉ!› እንደማለት። ‹ድሺ› ለተከበረ ሰው የ‹መብላት› ቃል ናት። ‹ኳጃንግኒም› ደግሞ የክፍል ኃላፊ መጠሪያ ነው። ኮሪያ ውስጥ ከፍ ያለን ሰው ‹አንተ› ማለት የለም፤ እኛ ‹ጋሼ›፣ ‹እትዬ› እንደምንለው በማዕረግ ወይም በዝምድና ስም ይጠራል።

ድምፃችሁን ‹ኔ› ላይ ከፍ፣ ‹ዮ› ላይ ረዘም አድርጉት። ዝቅ ብሎ ቶሎ ከተቆረጠ ‹እሺ፣ ይሁንልህ› ይመስላል።

አሁን ወጥመዱ። ለጓደኛ ‹ዮ›ን ስትጥሉ ‹ጆአሃኔ› ትሆናለች፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ‹ሳራንግ› ፍቅር ነው። ‹ሳራንግ ጆአሃኔ!› ሲባል ግን ‹ፍቅር ትወዳለህ› ማለት አይደለም። ‹ድንቄም ፍቅር!› ማለት ነው። ልክ እንደ እኛው ‹ድንቄም›፣ ፊት ለፊት የምታሾፍ አባባል ናት። ስለዚህ ለጓደኛችሁ ‹ከፒ ጆአሃኔ› ብላችሁ ድምፃችሁ ትንሽ ከተጣመመ ‹ድንቄም ቡና!› ብላችሁታል። ለጓደኛ የሚቀጥለውን ተጠቀሙ።

ሦስተኛ፦ የገባችሁን በ‹ጉና›

‹ጉና› የ‹አሃ!› ድምፅ ናት። ነገሩ አሁን ገባኝ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠልኝ ማለት። ከግሥ ጋር ስትሄድ በመሃል ‹ንን› ትፈልጋለች፦ ‹ጆአሃንንጉና!› ለካ ትወዳለህ!

ከ‹ኔዮ› በምን ትለያለች? በደፈናው ‹ኔዮ› የዓይን፣ ‹ጉና› ደግሞ የጆሮም የጭንቅላትም ናት ብላችሁ ያዙ። ሰውየው ሲበላ አይታችሁ ከሆነ ‹ኔዮ›። እሱ ራሱ ነግሯችሁ ወይም ከሁኔታው ገምታችሁ ከሆነ ‹ጉና› የበለጠ ትመቻለች። ድንበሩ እንደ ግድግዳ አይደለም፤ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ያፈራርቁታል።

ጨዋ መልኳ ‹ጉንዮ› ናት፦ ‹ጆአሃሺንንጉንዮ›። ትክክል ናት፤ ግን ትንሽ መጽሐፍ መጽሐፍ ትሸታለች። በቀን ተቀን ወሬ በቅርብ የምታውቁትን ታላቅ ሰው ‹ጆአሃሺንንጉና› ሲሉት ትሰማላችሁ። ‹ሺ› ገብታለች፣ ‹ዮ› ግን የለችም። ግማሽ ለራስ፣ ግማሽ ለሰውየው የተባለ ስለሆነ ያልፋል። አዲስ ሰው ላይ አትሞክሯት።

ሰው ‹እኔ እኮ ኪምቺ አልወድም› ቢላችሁና ሌላ ነገር ባይመጣላችሁ ‹ግረሺጉና› በሉ። ‹አሃ፣ እንደዛ ነው› ናት። ለእኩያ ‹ግረኩና› ትሆናለች።

አራተኛ፦ ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ የሚያዞረው ‹ጁል›

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይሄን ክፍል ያዙ።

በሰው ምርጫ ስንገረም ቀድመን የገመትነው ነገር አለ ማለት ነው። እና ግምቱ ስቷል። ጥያቄው የሳተው ማነው የሚለው ነው። ‹አትመስልም!› ካልን ጥፋቱ ወደ እሱ ይሄዳል። ‹መስሎኝ ነበር› ካልን እኛው እንወስዳለን። ኮሪያኛ ለዚህ ጥርት ያለ ቅርጽ አለው።

‹ጆአሃሺንን ጁል ሞላሰዮ› - እንደሚወዱ አላወቅኩም ነበር። (‹ሞላሰዮ› ላይ ‹ላ› ትጠብቃለች።)

‹ሺረሃሺንን ጁል አራሰዮ› - የሚጠሉ መስሎኝ ነበር።

ሁለቱም ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ነገር ሊባሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ‹ሞላሰዮ› ‹አላወቅኩም› ነው፣ የሁለተኛው ‹አራሰዮ› ቃል በቃል ‹አወቅኩ› ነው። ግን ከ‹ጁል› ጋር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ‹መስሎኝ› ይሆናል፤ ማለትም ተሳስቼ ነበር። ‹አራሰዮ›ን ሰምታችሁ ‹ያውቅ ነበር ማለት ነው› ካላችሁ ወሬው ይገለበጥባችኋል።

ግን የሚያሳስት ነገር አለ። ‹ግረል ጁል አራሰዮ› ስትሉ ‹ድሮም አውቄዋለሁ!› ነው። እዚህ ግምቱ ልክ ነበር። የሚለየው ሁኔታው እና ድምፁ ነው።

ከ‹ጁል› በፊት ያለችው ጭራም ትቀየራለች። ‹ንን ጁል› ያለ፣ የነበረ ልማድ ነው። ‹ል ጁል› ደግሞ ገና ይሆናል ተብሎ ያልተጠበቀ ነው። እንግዳ ቤታችሁ መጣ፣ ዶሮ ወጥ አቀረባችሁለት፣ ይፈራዋል ስትሉ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ ጨረሰው። ያኔ፦

‹ኢረኬ ጆአሃሺል ጁል ሞላሰዮ!› - እንዲህ ይወዱታል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር!

እኔን ያዋረደችኝ ይቺው ‹ል ጁል› ናት። አስተማሪዬ ጋር ‹ዩክዌ› ቀረበልን። ዩክዌ ጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ በቀጭኑ ተከትፎ በሰሊጥ ዘይት ይታሻል፣ የኮሪያ ፒር የሚባለው ፍሬ በቀጭኑ ይደረግለታል፣ ከላይ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ይቀመጥበታል። አስተማሪዬ ጥሬ ሥጋ የሚደፍሩ አይመስሉኝም ነበር። ‹ይበላሉ ብዬ አልጠበቅኩም› ልል ፈልጌ ‹ዩክዌ ድሺል ጁል ሞላዮ?› አልኩ። ‹ሰ›ዋን በላኋት። አንዲት ‹ሰ›፣ የኃላፊ ጊዜዋ። ያልኩት ‹ዩክዌ አበላል አያውቁም?› ሆኖ አረፈው። እሳቸውም ኮስተር ብለው ቾፕስቲካቸውን አነሱ፣ አስኳሉን ሰነጠቁ፣ ፍሬውን ከሥጋው ጋር አቀላቀሉና ‹እንዲህ ነው› ብለው አሳዩኝ። ከጥሬ ሥጋ አገር ለመጣሁት ለእኔ!

ስለዚህ ለክታችሁ ያዙት፦ ‹ል ጁል ሞላዮ› ችሎታ የለኝም ወይም የለውም ነው። ‹ል ጁል ሞላሰዮ› ከግምት ውጭ ሆነብኝ ነው።

አምስተኛ፦ ‹እይዌ› የምትባለዋን በቁጠባ

‹እይዌኔዮ› ማለት ‹ያልተጠበቀ ነው!› ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ‹መገረም› ብላችሁ ስትፈልጉ ቶሎ ታገኟታላችሁ፤ ለዚህም ነው ጀማሪ የሚወዳት። ‹እይዌሮ› ደግሞ ‹ሳይጠበቅ› ናት፦ ‹እይዌሮ ዳን ገ ጆአሃሺኔዮ›፣ ሳይጠበቅ ጣፋጭ ነገር ይወዳሉ።

ስድብ አይደለችም። ግን በውስጧ ‹አይመስሉም› አለች። ጡንቻማው ሰውዬ እንጆሪ ኬክ ሲወድ ብትሏት ሊስቅ ይችላል። የክላሲካል ሙዚቃ ወዳጅ ለሆነ ሰው ብትሏት ግን ‹ምን ስለምመስል ነው?› ሊል ይችላል። እኔ በደንብ ላልቀረብኩት ሰው አልጠቀማትም፤ የአራተኛው ‹ጁል› ሥራውን ያለ ጠባሳ ትሠራልኛለች።

‹ችዊህያንግ› የሚወደድ ነገር ዓይነት፣ ‹ምርጫ› ናት። ‹ችዊህያንግዎ ለየት ያለ ነው› የሚለውን በኮሪያኛ መተርጎም ትችላላችሁ፤ ግን ‹ለየት ያለ› በእኛም ሁልጊዜ ሙገሳ አይደለችም አይደል?

ስድስተኛ፦ የሰማችሁትን መልሶ መጠየቅ

‹እንዴ! ቡና አልጠጣም ነው የምትለኝ?› እንደምንለው፣ እነሱ ‹ዳጎዮ?› ይላሉ። ‹ከፒ አን ድሺንዳጎዮ?› ‹ቡና አይጠጡም ነው ያሉኝ?› ናት። ‹አን› አፍራሿ ነች።

ድምፅ ሁሉን ይወስናል። ለስላሳና ዓይን ፈጠጥ ያለ ከሆነ መገረም ነው። ጠንከር ካለ ምርመራ ይሆናል። በወር አንዴ ትበቃለች።

ሰባተኛ፦ ተገርማችሁ ዝም አትበሉ

‹ጂንጫዮ?› ብሎ ዝም ማለት ሰውየውን ራቁቱን ማቆም ነው። ወዲያው አንድ ጥያቄ ወይም አንድ ‹እኔም› አስከትሉ። ‹ጀዶዮ!› ‹እኔም!› ናት። ‹ኧንጄቡተ ጆአሃሸሰዮ?› ደግሞ ‹ከመቼ ጀምሮ ነው የወደዱት?›። ‹ዌዮ?› ግን ተዋት። ‹ለምን?› ናት፤ ብቻዋን ስትቆም ማብራሪያ የመጠየቅ ያህል ትከብዳለች።

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ እንያቸው። ቦታው ቹንቸን ይሁን። የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ ያለበት ከተማ ነው፤ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመው ቡና ቤትም ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ እዚያው አለ። እናንተና አንድ ኮሪያዊ የሥራ ባልደረባ ተቀምጣችኋል። በዕድሜ ይበልጣችኋል።

እሱ፦ ‹ዬጋቼፕ ጁሴዮ።› (ይርጋጨፌ ስጡኝ። ኮሪያዎች ይርጋጨፌን እንዲህ ነው የሚሉት።)
እናንተ፦ ‹ኧ? ዬጋቼፕ ጆአሃሺኔዮ!› (እንዴ? ለካ ይርጋጨፌ ይወዳሉ!)
እሱ፦ ‹ኔ፣ ሺን ማት ጆአሄዮ።› (አዎ፣ ጎምዘዝ ያለ ጣዕም እወዳለሁ።)
እናንተ፦ ‹አ፣ ግረሺጉና። ሺን ገ ሺረሃሺንን ጁል አራሰዮ። ኧንጄቡተ ጆአሃሸሰዮ?› (አሃ፣ እንደዛ ነው። ጎምዛዛ ነገር የሚጠሉ መስሎኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው?)

አይታችሁ ‹ኔዮ›፣ ሰምታችሁ ‹ጉና›፣ ግምታችሁን በ‹ጁል› ከፈላችሁ፣ በጥያቄ አስቀጠላችሁ።

የት እንለማመድ?

ኮሪያዎች በምርጫ መከራከር ይወዳሉ፤ ለእናንተ ነፃ የመለማመጃ ሜዳ ነው። ‹ሚንቾ› የሚንትና የቸኮሌት ቅልቅል ናት። አይስክሬሙን የሚወደውና ‹የጥርስ ሳሙና ነው› የሚለው ወገን ጎራ ለይተው ይቃለዳሉ። ጓደኛሞች መካከል ‹ሚንቾርል ጆአሃዳኒ!› ይባላል፤ ‹ኧረ ሚንቾ ይወደዳል እንዴ!› እንደማለት። ተከሳሹ ‹ችዊጆን!› ብሎ ይመልሳል፣ ‹ምርጫዬን አክብር› የሚለው አጥሮ ነው።

‹ታንግሱዩክ› የተጠበሰ ሥጋ በጣፋጭ ሶስ ነው። ሶሱን ከላይ የሚያፈሰው ‹ቡመክ›፣ እያጠቀሰ የሚበላው ‹ጪንግመክ› ይባላል። በክረምት ብርድ እየተንቀጠቀጠ በረዶ ያለበት አሜሪካኖ የሚጠጣው ደግሞ ‹ኧልጁጋ› ነው፤ ‹በብርድ ብሞትም አይስ አሜሪካኖ› የሚለው አጥሮ። ወጣት ሆኖ የአያት ምግብ የሚወደው ‹ሃልሜ ኢምማት›፣ አዋቂ ሆኖ ቋሊማና ጣፋጭ የሚወደው ‹ቾዲንግ ኢምማት› አለው ይባላል፤ የመጀመሪያው የአያት፣ ሁለተኛው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አፍ ማለት ነው። እነዚህን ለጓደኛ እንጂ ለአለቃ አትበሏቸው።

ተገራሚው ኮሪያዊው ሲሆን

ረቡዕ ቀን ምሳ ላይ ሥጋውን ገፋ ስታደርጉ ጥያቄው ይመጣል። ‹ጎጊ አን ድሴዮ?› ‹ሥጋ አይበሉም?›። ‹እጠላለሁ› አትበሉ፤ ‹ሺረሄዮ› ጠንካራ ናት፤ ደግሞም ውሸት ነው፣ ዓርብ ካለፈ ቅዳሜ ታሳዩታላችሁ። ኮሪያዎች የማይወዱትንም የማይሆናቸውንም ነገር በለስላሳው ‹ሞን መገዮ› ያልፉታል፤ ቃል በቃል ‹መብላት አልችልም› ነው። ‹ኦኑርን ጎጊ ሞን መገዮ›፣ ‹ዛሬ ሥጋ መብላት አልችልም›።

እሱም ጨዋ ከሆነ በአራተኛው ክፍል ቅርጽ ይመልስላችኋል፦ ‹ጅዌሶንግሄዮ፣ ሞት ድሺንን ጁል ሞላሰዮ›፤ ‹ይቅርታ፣ እንደማይበሉ አላወቅኩም ነበር›። ያኔ ‹ኬንቻናዮ›፣ ‹ችግር የለም› ብላችሁ ቶፉውን ሳብ ማድረግ ነው።